ለሽሮው የመጣ ታዳሚ

ጃዝ አልወድም የሚል ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ፤ አታገኙም። የሙዚቃ ወሬ በተነሣበት ሁሉ ግማሹ በዘፋኝ ይጣላል፣ ግማሹ በግጥም ይማማላል፤ ጃዝ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ጃዝማ!» ይላል አንዱ። «እሱማ ሌላ ነው» ይላል ሁለተኛው። ምኑ ሌላ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሙላቱ አስታጥቄ ሲባል ደረታችን ይነፋል። ጅማ መወለዱን፣ ቦስተን ድረስ ሄዶ በርክሌ መማሩን፣ ሙዚቃው «ብሮክን ፍላወርስ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም ውስጥ መግባቱን በቃላችን እንዘረዝራለን። ከአልበሞቹ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ያዳመጠ እጁን ያውጣ ቢባል ግን፣ ብዙ እጅ ኪስ ውስጥ ይቀራል።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እንዲያውም ኪስ ውስጥ ለቀሩት እጆች ጥብቅና ልቆም ነው የተነሣሁት። በየሳምንቱ ቀኑን ሳያዛንፍ የሚቀርብ የጃዝ ምሽት በጃዝ አፍቃሪ ቆሞ አያውቅም። አፍቃሪው ጥቂት ነው። ይመጣል፣ አንድ ማኪያቶ ያዝዛል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አጠገቡ የተቀመጠውን «እሽ!» ይላል፣ ሲወጣ የድምፅ ማጉያውን ያማል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ትንሽ ደክሞኝ» ብሎ ይቀራል። ምሽቱን በትከሻው ተሸክሞ የሚያሻግረው ሌላው ነው፤ ለእራት የመጣው፣ ለቀጠሮ የመጣው፣ ከቤቱ ሙቀት የሸሸው፣ ስልኩን ሊሞላ የመጣው። ይህን ትምህርት የቀሰምኩት ከየትኛውም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳይሆን ካርቱም፣ ጀሪፍ ነው።

ጀሪፍን ካርቱም ነው ማለትም አይደለም ማለትም ይከብዳል። ጥቁር ዓባይ መሐሉን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ምዕራብ ጀሪፍና ምሥራቅ ጀሪፍ ይባላል። በአንድ በኩል ስታይ አስፋልት አለ፣ ፎቅ አለ፣ የመንሺያ ድልድይ አለ። ዞር ስትል ደግሞ የአትክልት ማሳ፣ ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፍየል፣ ሱዳኖች ካሮ የሚሉት የአህያ ጋሪና የጡብ መጥበሻ ጭስ ይቀበልሃል። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ዳርቻው ላይ ጥቁር ደለል ይተዋል። ሰዎቹ ደለሉን ዝቀው ያቦካሉ፣ በቅርጽ ይመቱታል፣ ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ከዚያ ቤት የሚያህል ክምር ሠርተው ከሥሩ እሳት ይለቁበታል። ደለሉ ከየት እንደመጣ ለሐበሻ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። የቤት ኪራይ ቀን በደረሰ ቁጥር አንድ የሰፈራችን የጎጃም ልጅ «ይሄ ግድግዳ እኮ የአያቴ ማሳ ነው፤ ትንሽ ቅናሽ አይደረግልኝም?» እያለ አከራዩን ይሞግት ነበር። አከራዩ ሱዳናዊ እርጋታው ሳይናጋ አዳምጦ፣ ስለ አያቱ ጤንነት ጠይቆ፣ ኪራዩን ሙሉውን ተቀብሎ ይሄዳል።

ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በዚያ ሰፈር ሐበሻ እንደ ልብ ነበር። አማርኛም ትግርኛም እያወራህ ከሱቅ ሱቅ መዞር ትችላለህ። ሴቶቹ ቡናና ሻይ ይሸጣሉ፣ ሰው ቤት ይሠራሉ፤ ወንዶቹ ሪክሻ ይነዳሉ፣ ግድግዳ ይቀባሉ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሁሉም የሚሠራው አንድ ሥራ አለ፤ መጠበቅ። አንዱ በተባበሩት መንግሥታት በኩል «ፕሮሰስ» አለው፣ ካናዳ ይጠብቃል። አንዱ የባሕሩን መንገድ ይጠብቃል። አንዱ ገንዘብ አጠራቅሞ ወደ ጎንደር ለመመለስ ይጠብቃል፤ ያጠራቀመውን የሱዳን ፓውንድ ሲቆጥረው ግን ዋጋው ወርዶበት እንደገና ይጀምራል። የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው የሳምንቱን ቀናት የሚለይለት ነገር ነው። ለእኛ ይህን የሚያደርግልን ዓርብ ማታ ነበር።

ዓርብ የሆነው ዝም ብሎ አይደለም። በሱዳን ዓርብ የዕረፍት ቀን ነው፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ የሠርግ ነው። ሐሙስ ሙዚቀኛ የሚባል ሁሉ በየሠርጉ ተከራይቶ ያልቃል፤ ዓርብ ይተርፋል። አንዲት ሁላችንም «እትዬ» የምንላት፣ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ «አደይ» የሚሏት ሴት ግቢዋን በአዘቦት ቀን ለእንጀራ ደንበኞች ከፍታ ትሠራ ነበር። ዓርብ ማታ ያው ግቢ የጃዝ መድረክ ይሆናል። መድረክ ስል ከፍ ያለ ነገር እንዳታስቡ። ከጡብ ጫኝ የተረፈ ጣውላ፣ በላዩ ምንጣፍ፣ ከኋላው የውሃ በርሜል፣ ከበላዩ አንድ አምፑል፤ አምፑሉን ከቦ ደግሞ የጥቁር ዓባይ ትንኝ በሙሉ። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት አህያ ታስሯል። ይህ አህያ ምን እንደተሰማው አላውቅም፤ ሳክስፎኑ ወደ ላይኛው ድምፅ በወጣ ቁጥር እሱም ይነሣል። ብዙ ሰው የሁለቱን ልዩነት አይከታተልም ነበር።

ሳክስፎን ነፊው ጋሼ ነበሩ፤ ስማቸው ይቆየን። በደርግ ዘመን ከአንድ ክፍለ ጦር ኦርኬስትራ ጋር የነፉ፣ ከዚያ በገዳሪፍ በኩል ገብተው ሱዳን የቀሩ ሰው ናቸው። «ዘመናዊ ጃዝ» የሚለውን በካርቶን ጽፈው ግቢው በር ላይ የሰቀሉት ራሳቸው ናቸው። ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ሐሙስ ማታ ሠርግ ላይ ሲያጨበጭቡለት አምሽቶ የሚመጣ ስለነበር እንቅልፍ አይለየውም፤ ቀኝ እጁ ሲጫወት ግራው ያርፋል። ክራር የሚመታ አንድ የአሥመራ ልጅ አለ። ቦንጎ የሚደበድበው የጎረቤቱ ሱዳናዊ ልጅ ነው፤ ሱዳኖች ያለ ቦንጎ ሙዚቃ ሙዚቃ አይመስላቸውም። ለሳክስፎኑ አፍ የምትሆነዋ የሸምበቆ ስንጥር ካርቱም ውስጥ እንደ ልብ ስለማትገኝ ከአዲስ አበባ በመተማ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ በርበሬና ሽሮ መሐል ሸጉጦ እንዲያመጣ አደራ ይባላል። አንድ ጊዜ የመጣችው ስንጥር በርበሬ ነክቷት ኖሮ ጋሼ ያን ማታ የነፉትን የሚያህል ስሜት ያለው ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እንባቸው ይወርድ ነበር። ሰውም አብሮ አለቀሰ።

የሰዓቱ ነገር መጀመሪያ ላይ ብዙ አጋጭቶናል። «ሁለት ሰዓት ላይ ይጀመራል» ተብሎ ሲነገር ሐበሻው የምሽቱን ሁለት ይዞ ይመጣል። አንድ ጡረተኛ ሱዳናዊ ጎረቤታችን፣ ሐጅ የምንላቸው፣ በራሳቸው አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ብለው በጠራራ ፀሐይ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከተፍ አሉ። እትዬ እንግዳ መመለስ ነውር ስለሆነባት ምሳ አቀረበችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጅ ልዩነቱን በደንብ ተረዱ፤ ተረድተውም ሁልጊዜ በሱዳን ሰዓት አቆጣጠር መምጣታቸውን ቀጠሉ።

አሁን ታዳሚውን ላስቆጥራችሁ። ግንባር ቀደሞቹ ለሽሮው የመጡት ናቸው። የእትዬ ሽሮ ሸክላው ውስጥ እየተንተከተከ ሲመጣ ቅቤው ጠርዙ ላይ ይሸሻል፣ እንፋሎቱ መነጽር ይጋርዳል። እንጀራው ዳቦ እንዳይሆን ጤፍና የሱዳን ማሽላ በልክ ይቀላቀልበታል፤ ኪስራ በልተው ላደጉት ሱዳኖች ቅርባቸው ነው። ሁለተኛዎቹ ለመብራት የመጡት ናቸው። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት እትዬ ጄኔሬተር ታስነሣለች፤ መድረኩ ሥር በተዘረጋው ማከፋፈያ ላይ የተሰካው ስልክ ብዛት ከታዳሚው ይበልጣል። ሦስተኛዎቹ ወሬ ፈላጊዎች ናቸው፤ ማን ፕሮሰሱ አለፈለት፣ ማን ደወለ፣ ማን መንገድ ላይ ቀረ። አራተኛው ወገን ለትዳር የመጣው ነው። ዓይን ለዓይን የሚተያየው ሙዚቃው ሲለዝብ ስለሆነ እነዚህ ቢያንስ ዜማ ይከታተላሉ። የቀሩት ደግሞ ከቆርቆሮ ጣራ ሙቀት የሸሹ ናቸው። በሚያዝያ ካርቱም ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ማታ ቤት ውስጥ መቀመጥ ከጡቡ ጋር መጠበስ ነው።

ለጃዝ የመጣ ነበር? ነበር፤ አንድ። ከአዲስ አበባ ለሥራ መጥቶ ወር ያህል የሰነበተ ወጣት ነው። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሰው ሲያወራ ዞሮ ይገላምጣል። ሽሮ አላዘዘም። ሻይ አላዘዘም። አንድ ማታ «ጋሼ፣ እስቲ ከሽሮው ሰዎች ይልቅ ሙዚቃውን ለሚያከብር ታዳሚ ብቻ አንድ ምሽት ያዘጋጁ» አላቸው። ጋሼ በትሕትና ሰምተው «አንተ ብቻህን የጄኔሬተሩን ቤንዚን ትችለዋለህ?» ብለው ጠየቁት።

የጨዋታው አሰላለፍ ራሱ ታዳሚውን ያከበረ ነበር። ሱዳንም ሆነ እኛ በአምስት ድምፅ ነው የምንዘፍነው። የእነሱ ቅኝት ግን ሰፋ ሰፋ ያሉ እርምጃዎች ያሉት፣ ለደስተኛው የትዝታ ቅኝታችን የሚቀርብ ነው። ስለዚህ ጋሼ ሁልጊዜ በዚያ ይከፍታሉ። ሐጅ ጣታቸውን ማንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ የቦንጎው ልጅ ይነቃል፣ ሐበሻውም ይተክዛል፤ ሁሉም የራሱ መስሎት ደስ ይለዋል። ቀጥሎ ባቲ ይመጣል። አንቺሆዬ ሲጀመር ግን ነገር ይለወጣል። እነዚያ እርስ በርስ ተጠጋግተው የሚቆነጥጡ ድምፆች ለሱዳኑ ጆሮ ዜማው የተንሸራተተ ያስመስሉበታል። ሐጅ መጀመሪያ ሰሞን ጋሼ የታመሙ መስሏቸው ውሃ አቅርበውላቸዋል። በኋላ ሲለምዱት፣ አንቺሆዬ ሲገባ ሻይ ያዝዛሉ። እትዬም ይህን አውቃ ጀበናና ማንቆርቆሪያዋን የምትጥደው ባቲው ሲያልቅ ነው። የንግድ ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

መደምደሚያው ሽለላ ነበር። ሽለላን ከጦር ሜዳ አንሥቶ ሳክስፎን ውስጥ የከተተው ጌታቸው መኩሪያ ነው። የይፋት ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማረው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ዐርፏል። ሳክስፎኑ ሲያቅራራ የቆላውም የደጋውም ጎረምሳ ከተቀመጠበት ይነሣል። ሱዳኖቹ ደግሞ ጀግና በዱላ መሸለል ለእነሱም አዲስ አይደለምና በትራቸውን ከፍ አድርገው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ሁለት ባህሎች በጋሼ ራስ ላይ ይገናኛሉ። ሱዳናዊ ሙዚቃ ሲጥመው ወደ ሙዚቀኛው ቀርቦ ክንዱን ይዘረጋል፣ ከራሱ በላይ ጣቱን ያንቋቋል። ትልቅ ክብር ነው። ሐበሻ ደግሞ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፋል። በአንድ ጊዜ አንዱ ያንቋቋል፣ አንዱ ይለጥፋል፣ ጋሼ መሐል ቆመው ዓይናቸውን ገልጠው ይነፋሉ። በካርቱም ሙቀት ላብ ስለማይቆም የተለጠፈ ብር አይወድቅም። አንዳንዴ አንዱ ብር በሌላው ላይ ተደርቦ እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲመጣ ጃንሆይ ኒሻን ሸልመውት ነበር። ጋሼ ይህን ሲያነሡ «ኒሻን ደረት ላይ ነው የሚደረገው፤ እኔ ከእሱ ከፍ ብዬ ተሸልሜያለሁ» ይላሉ። ጣት ማንቋቋቱን ግን ለምን እንደማይቆጥሩት ስጠይቃቸው «እሱ ሪክሻ አያሳፍርም» አሉኝ።

ሐጅ በበኩላቸው ይህን ሁሉ እንደ ባለቤት ነበር የሚያዩት። «ጃዝን የምታስተምሩን እናንተ ናችሁ እንዴ?» ይላሉ። ሸርሐቢል አሕመድን ያነሣሉ። የኦምዱርማን ልጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ከኡድ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር የተሻገረ፣ ለልጆች መጽሔት ሥዕል ይሥል የነበረ፣ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የተባለ ሰው ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡልቃሲም ራሷ በባንዱ ጊታር ትጫወት ነበር፤ ጊታር ይዘው መድረክ ከወጡ የመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያት አንዷ ናት። ሐጅ ሲቀጥሉ ስኮርፒዮንስን ይጠራሉ፣ ከሰይፍ አቡበከር ጋር «ጃዝ፣ ጃዝ፣ ጃዝ» የሚል አልበም የሠሩትን። ሦስት ጊዜ የተባለው ለማያምን ነው ይላሉ። እኛም በተራችን ሙላቱን እንጠራለን፣ እሳቸው ሸርሐቢልን ይጠራሉ፣ ሙግቱ ይጋጋላል። ማስታረቂያው ዘፋኙ መሐመድ ወርዲ ነው። ከ1989ኙ (እ.ኤ.አ.) መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገሩን ጥሎ የወጣው ወርዲ በ1994 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዝግጅት በአልበም ወጥቷል፤ የእኛ ሰው ዐረብኛውን ሳይሰማ ዜማውን በቃሉ ይዞታል። ሰይድ ኸሊፋንም አዲስ አበባ የቤት ልጅ አድርጋው ነበር። ወርዲ ከተነሣ ክርክር የለም፤ ሁሉም ያለቅሳል፣ ከዚያ ሁሉም ሻይ ያዝዛል።

ሐጅ ስለ ድሮዋ ካርቱም ሲናገሩ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳክስፎን የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር ይላሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓ ሕግ ታወጀ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ወታደሮቹ ሲመጡ ደግሞ ሰዓት እላፊውም ክልከላውም ጠበቀ፤ ባንዶች ተበተኑ፣ ሙዚቀኞች ተሰደዱ። እኛ ጀሪፍ በደረስንበት ዘመን ሠርግ እንኳ በፖሊስ ፈቃድ ነው የሚደገሰው፤ ሙዚቃውም በሐበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ መቆም አለበት። ወንድና ሴት በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ሙዚቃ ሲሰማ የሕዝብ ሥርዓት ፖሊስ የሚባሉት በር ሊያንኳኩ ይችላሉ። የሕዝብ ሥርዓት ሕጉ የተሻረው በ2019 እ.ኤ.አ. ኅዳር ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ልጅ ጣራ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ይጠብቅ ነበር። የመኪና መብራት ካየ ያፏጫል። ፉጨቱ ሲሰማ ጋሼ ሳክስፎኑን ከበርሜሉ ኋላ ይሰውራሉ፣ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ በኩል ይሰለፋል፣ እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። «ምንድነው ስብሰባው?» ሲባል «ሐዘን ነው» ትላለች። ፖሊሶቹ ገብተው ሽሮ እየበሉ በዝምታ የተቀመጠ ሰው ያያሉ፤ ሐጅ መሐላቸው ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ። ምስክር ከዚህ በላይ የለም። ፖሊሶቹ ለሟች ጸልየው ይወጣሉ። ይህን የሚችለው ለሽሮ የመጣ ታዳሚ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጃዝ ሲያደምጥ ቢገኝ ኖሮ ማን ያምነን ነበር?

እንዲህ ያለው ነገር የጀሪፍ ብቻ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ከራሳቸው ዘመን ማስረጃ አመጡልኝ። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ነበረባት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ነፍስን ማስያዝ ነው። ስለዚህ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ያን ሁሉ ረጅም ሌሊት የሞሉት እንዲህ ነው። ድምፃዊ ሲደክም መሣሪያው ብቻውን መሄድ ነበረበት፤ ያለ ዘፋኝ የተሠራው «ቸ በለው» አልበማቸው በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው በዚያው ዘመን ነው። ጃዝ ከዚያ የተሻለ ታዳሚ አግኝቶ አያውቅም ይላሉ ጋሼ፤ በሩ ተቆልፎበት። ካርቱም ተገላቢጦሽ ሆነች። አዲስ አበባ ላይ ሰዓት እላፊው ሰውን ወደ ውስጥ ይቆልፍ ነበር፤ ካርቱም ላይ ከአምስት ሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ያባርር ነበር። መንግሥታት ባያስቡበትም የሙዚቃን ርዝመት የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ኃይሉ መርጊያ በኋላ አሜሪካ ቀርቶ ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ይዞ ነበር የሚዞረው፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ አውጥቶ ይለማመዳል። እዚያ አድማጩ ማን ነበር? ማንም አልነበረም። ጣቱ ግን ሳይዝግ ቆየ። ቀረጻዎቹን ፈረንጆች አግኝተው እንደገና ሲያሳትሙለት ወደ መድረክ ተመለሰ።

አዲስ አበባ ስመለስም ያው ሆኖ አገኘሁት። ጣይቱ ሆቴል የነበረውን ጃዝአምባን የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ወሰደው። ስለ ጃዝአምባ የሚያወራ ሰው ግን ስለ ሙዚቃው ትንሽ፣ ከማን ጋር እንደሄደ ብዙ ነው የሚያወራው። ካዛንችስ የነበረው ፈንድቃ መላኩ በላይ የሚባል ጨፋሪ የዓለም መናኸሪያ ያደረገው የአዝማሪ ቤት ነው። የአዝማሪ ስድብ ፈልጎ የመጣው ሰው በሌላ ቀን ጃዝ ሰምቶ ይወጣ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ሲፈርስ እሱም ከዚያ ተነሣ። ሁለቱም ከቦታቸው ሲጠፉ እጅግ ያዘነው፣ ሲኖሩ ያልሄደው ነው። ይህንንም አልወቅስም፤ ሐዘን በነጻ ነው፣ መግቢያ አይከፈልበትም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ የጀሪፍ ሐበሻ እንደገና ተበተነ። አንዱ በመተማ ገባ፣ አንዱ ፖርት ሱዳን ወረደ፣ አንዱ ግብፅ ተሻገረ። የካናዳ ፕሮሰሱን ሲጠብቅ የነበረው የሰፈራችን ልጅ ምዕራብ ጎንደር የስደተኛ ማቆያ ውስጥ ሆኖ ጥበቃውን ቀጠለ። ከሁሉ የገረመኝ ዓርብ ዓርብ የሚደዋወሉት እነማን እንደሆኑ ነው። ጃዝ ወዳዱ ወጣት አልደወለም። የሚደዋወሉት ለሽሮው የመጡት፣ ስልክ ሞይዎቹ፣ ወሬ ፈላጊዎቹና ሐጅ ናቸው። ሐጅ ወደ ሰሜን፣ ዘመዶቻቸው መንደር ሄደዋል። ስልኩ ሲነሣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የእትዬ ጤና ነው፣ ሁለተኛው የሳክስፎኑ። ያን ያህል ዓመት ሳይፈልጉት የሰሙት ዜማ እንዴት ጆሯቸው ውስጥ ገብቶ እንደቀረ እነሱም አያውቁትም። አንቺሆዬን ሳይቀር ሲያንጎራጉሩት ሰምቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ከከተማ ዳር፣ ከገጠር ጫፍ፣ ግቢ ተከራይቶ የጃዝ ምሽት ለመክፈት የሚያስብ ካለ ምክሬን በነጻ ይውሰድ። መጀመሪያ ሳክስፎን ነፊ አትፈልግ፤ ወጥ የሚያውቅ እጅ ፈልግ። ቀኑን አንዴ ቁረጥ፣ ዝናብም ሐዘንም ቢመጣ አታዛውር፤ ሰው የሚለምደው ዜማን ሳይሆን ቀንን ነው። ማከፋፈያ ገመድ በብዛት ዘርጋ። ወሬ አትከልክል፤ ጥሩ ሙዚቃ ወሬውን ራሱ ዝም ያሰኘዋል፣ መጥፎውን ወሬው ይሸፍንለታል፤ በሁለቱም ታተርፋለህ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ቢመጣ በአክብሮት ተቀብለህ ከኋላ አስቀምጠው፤ ፊት ከተቀመጠ ሌላውን ያሸማቅቃል። ጎረቤት አህያ ካለው ደግሞ አስቀድመህ ተዋወቀው።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ የሙያው ባለቤት ሳይሰማው እንዳይቀር ብዬ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ገዳሪፍ ናቸው፤ ሳክስፎኑ አብሯቸው ወጥቷል። ጽሑፉን በስልክ እያነበብኩ አሰማኋቸው። ለሽሮው ስለመጡት ሰዎች የሚለው ላይ ስደርስ ትንሽ ፈራሁ፤ በአንድ ሰው የዘመን ልፋት ላይ መቀለድ ይመስላልና። «ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለእርስዎ ሳይሆን ለእትዬ ሽሮ እንደነበር ያውቁ ነበር ወይ?» አልኳቸው። ሳቃቸው ስልኩን ሞላው።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «እኔስ ለምን የምመጣ መስሎህ ነው?»